ከሚላኖ እስከ ናፖሊ፦ የጣሊያን ከተሞች በባቡር

ጣሊያን አንድ አገር የሆነችው በ1861 ነው። ከዚያ በፊት ቬኒስ ለዘመናት ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች። ፍሎረንስ የሜዲቺ ቤተሰብ ከተማ፣ ናፖሊ የንጉሥ መቀመጫ፣ ሮም ደግሞ የጳጳሱ ነበረች። ይሄን የሚያውቅ ሰው በባቡር አንድ ሰዓት በተጓዘ ቁጥር ምግቡም፣ አነጋገሩም፣ ኩራቱም ሲለወጥ አይገርመውም። እያንዳንዱ ከተማ የሚታወቅበት ነገር አለው። ያንን ነገር ደግሞ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

እኛ ጣሊያንን የምናውቃት በአድዋና በአምስቱ የወረራ ዓመታት ነው። ይገባልም። ግን ከአድዋ አራትና አምስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የእኛ ሰዎች በእነዚህ ከተሞች ገብተው ወጥተዋል። መልእክተኞች ነበሩ፣ መነኮሳት ነበሩ፣ የመጻሕፍት ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ጉዞውን ሳስብ ሁለት ነገር ይዤ ነው የተነሳሁት፤ ከተሞቹ የሚታወቁበትን ማየትና የእነዚያን ሰዎች ዱካ መፈለግ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር።

ቅዳሜ፣ ሚላኖ

ከአዲስ አበባ ሌሊቱን የበረረው አውሮፕላን ማለዳ ማልፔንሳ አረፈ። ከዚያ ወደ መሃል ከተማ ባቡር አለ፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ዱኦሞ፣ ወደ ከተማው ካቴድራል፣ ሄድኩ።

ሚላኖ የፋሽንና የገንዘብ ከተማ ናት። ሰዉ ይለብሳል፤ ለሥራ የሚሮጠው እንኳ ለሠርግ የተጠራ ይመስላል። እኔን የያዘኝ ግን ካቴድራሉ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1386 ነው። ድንጋዩ ከማጆሬ ሐይቅ አቅራቢያ ካለው ከካንዶሊያ የሚወጣ ነጭና ሮዝማ እብነ በረድ ነው። ያንን ሁሉ ድንጋይ በጀልባ፣ በወንዝና በቦይ ነበር እስከ ከተማው ድረስ የሚያመጡት። ዛሬ ወጣቱ ማታ ማታ የሚዝናናበት ናቪሊ የሚባለው ሰፈር ከእነዚያ ቦዮች የተረፈው ነው። ሥራው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ሚላኖዎች ማለቂያ የሌለውን ነገር «እንደ ዱኦሞ ግንባታ ረጅም» ይሉታል።

ጣሪያው ላይ መውጣት ይቻላል፣ ውጡ። 135 ሾጣጣ ማማዎች አሉት፣ ሐውልቶቹም ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው። አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከታች ማንም ሊያየው በማይችልበት በጀርባው በኩል የልብሱ እጥፋት በደንብ ተቀርጿል። የጠራቢው ስም የለም። ለማን ብሎ ነው ያንን ያህል የለፋው? ብዙ ቆሜ አየሁት።

ማታ ሚላኖ የምትታወቅበትን ሪዞቶ በላሁ። በዛፍራን ቢጫ የሆነ ሩዝ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ከጉዞ ድካም ጋር እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሁድ፣ ሚላኖ

ጠዋት የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ለማየት ሄድኩ። የዚህ ሥዕል ቅጂ ስንቱ አበሻ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል! እኔም ያደግኩት ከሥሩ ምሳ እየበላሁ ነው። ዋናው ያለው ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም ውስጥ፣ መነኮሳቱ ይመገቡበት በነበረው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ጥቂት ጥቂት ሰው እያደረጉ ያስገባሉ፣ የተፈቀደውም 15 ደቂቃ ነው። ትኬቱ ከወራት በፊት ስለሚያልቅ ከአገር ሳትወጡ ቁረጡ።

ሊዮናርዶ ከ1495 እስከ 1498 ሲሠራው የጊዜውን ልማድ አልተከተለም። ሠዓሊዎች እርጥብ ልስን ላይ በፍጥነት ነበር የሚሥሉት። እሱ ግን እያሰበ፣ እየመለሰ መሥራት ስለፈለገ ደረቅ ግድግዳ ላይ ሣለ። ቀለሙ እሱ በሕይወት እያለ ነው መርገፍ የጀመረው። በ1652 መነኮሳቱ በር ሲከፍቱ የጌታችንን እግር ቆረጡት። በ1943 የአዳራሹን ጣሪያና አንዱን ግድግዳ ቦምብ አፈረሰው፤ ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ስለነበር ተረፈ። የመጨረሻው እድሳት ከሃያ ዓመት በላይ ወስዶ በ1999 አለቀ። ይህን ሁሉ አልፎ እዚያው አለ። የይሁዳ እጅ የገንዘብ ከረጢቱን እንደጨበጠ ነው። ቤታችን በነበረው ቅጂ ላይ ይሄን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት ወደ ፖርታ ቬኔዚያ ሄድኩ። የሚላኖ የአበሻ ሰፈር ነው። ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚህ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተዋል። በቪያ ሌኮ ሲሄዱ የበርበሬና የዕጣን ሽታ ይቀበላል። አንዲት እናት ከምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ከአገር ቤት ነህ አይደል የኔ ልጅ?»

«አዎ እማማ፣ ትናንት ነው የገባሁት።»

«እንግዲያው እንጀራ አላበላህም። እንጀራው አገርህ ስትመለስ ይጠብቅሃል። ና፣ ቡና ግን ጠጣ።»

ሦስቱንም አጠጡኝ። ሒሳብ ብል እጄን መለሱት።

ሰኞ፣ ቬኒስ

ከሚላኖ ቬኒስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ባሕር ላይ በተሠራ ረጅም ድልድይ ያልፍና ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ይቆማል። ከጣቢያው ስትወጡ መንገድ የለም፤ ውሃ ነው። መኪና የለም፣ ሞተር ሳይክል የለም፣ ብስክሌት እንኳ የለም። ቆሻሻ የሚነሳው በጀልባ ነው፤ አምቡላንሱም ጀልባ፣ የሬሳ መኪናውም ጀልባ።

ከተማው ከመቶ በላይ በሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የቆመ ነው፤ ደሴቶቹን የሚያገናኙት ድልድዮች ከአራት መቶ ይበልጣሉ። ሕንፃዎቹ ያረፉት ጭቃው ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። እንጨቱ ጭቃ ውስጥ አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ለዘመናት ተሸክሟቸዋል። ስጋቱ ከላይ ነው የሚመጣው። በ1966 ውሃው 194 ሴንቲ ሜትር፣ በኅዳር 2019 ደግሞ 187 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማውን አጥለቅልቆታል። አሁን የባሕሩ መግቢያዎች ላይ 78 ተንቀሳቃሽ የብረት በሮች ተተክለዋል። ማዕበል ሲመጣ ከባሕሩ ወለል ተነስተው ይዘጋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋሉት በጥቅምት 2020 ነው።

ጎንዶላ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው። ለሁለት ሰው የጫጉላ ጊዜ ይሆናል፣ ለብቻ ግን ይከብዳል። ትልቁን ቦይ ከዳር ዳር የሚያሻግር ተመሳሳይ ጀልባ አለ፤ ትራጌቶ ይባላል፣ ሁለት ዩሮ ነው። ጎንዶላውን ከፊት ለፊት ብታዩት ጠማማ ነው። ግራ ጎኑ ከቀኙ ይሰፋል። ቀዛፊው አንድ ነው፣ መቅዘፊያውም በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ ጀልባው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ራሱን ጠማማ አድርገው ሠሩት።

ቬኒስ የመጣሁበት ዋናው ምክንያት ግን አንድ ካርታ ነው። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ በኮሬር ሙዚየም በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገባል። እዚያ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 አካባቢ የሣለው የዓለም ካርታ አለ። ክብ ነው፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ብራና ላይ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ተሥሏል። የተሣለው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለሆነ አፍሪካ ከላይ፣ አውሮፓ ከታች ናት። አንገቴን ቀና አድርጌ ኢትዮጵያን ፈለግኋት። አለች። አባይ አለ፣ አዋሽ አለ፣ የአማራ ስም አለ። ማውሮ እዚያው ካርታው ላይ ያወቀበትን መንገድ ጽፏል፤ ከአገሩ የመጡ መነኮሳት አውራጃዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው እየሣሉ እንዳሳዩት። ስማቸው አልተጻፈም። ግን አስቡት፤ ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ የእኛ አገር መነኩሴ ከአንድ የቬኒስ መነኩሴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ «አይ፣ አዋሽ በዚህ በኩል ነው የሚሄደው» ሲል።

ግንኙነቱ ከዚያም ይቀድማል። በ1402 የዐጼ ዳዊት መልእክተኛ ነብሮች ይዞ ቬኒስ ገብቷል። ንጉሡ የፈለጉት የእጅ ባለሙያና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ነበር። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ዐጼ ልብነ ድንግል ዘመን ኖሯል። እዚያ ያሉ የእመቤታችንን ሥዕሎች ሳይ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ያየኋቸው ነገሮች ትዝ አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሙራኖና ቦሎኛ

ጠዋት በጀልባ ሙራኖ ደሴት ደረስኩ። የቬኒስ መንግሥት በ1291 የመስታወት ምድጃዎቹን ሁሉ ከከተማው አስወጥቶ እዚህ አሰፈራቸው፤ ቤቶቹ የእንጨት ስለነበሩ እሳት ፈርቶ። ባለሙያዎቹም ምስጢሩን ይዘው እንዳይጠፉ ከግዛቱ መውጣት ተከልክለው ነበር። አንድ ሽማግሌ የቀላ መስታወት በብረት ዘንግ አውጥተው በመቆንጠጫ ጎተት ጎተት አድርገው ፈረስ ሲያወጡ አየሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስትገዙ ብቻ ተጠንቀቁ፣ በየሱቁ «ሙራኖ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እዚያ የተሠራ አይደለም።

ከሰዓት ቦሎኛ ገባሁ። ቬኒስን ሁሉም ያውቃታል፣ ቦሎኛን ግን ብዙ ሰው ባቡር ሊቀይርባት ብቻ ነው የሚያልፋት። አትለፏት። ጣሊያኖች የተማረችው፣ የወፈረችውና ቀይዋ ይሏታል። የተማረችው፣ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲዋ ከ1088 ጀምሮ የሚቆጠር፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። የወፈረችው በምግቧ ነው። ቀይዋ ደግሞ በጡብና በጣሪያዋ ቀለም፣ በኋላም በግራ ፖለቲካዋ።

በረንዳዎቿን ብቻ ለማየት እንኳ ይመጣል። ከተማው ሁሉ ባለ ቅስት በረንዳ ነው፤ ተደማምሮ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ታሪኩ ከተማሪ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪው ሲበዛ ቤት ጠበበ። ሰው የፎቁን ክፍል ወደ መንገዱ እያወጣ በምሰሶ ደገፈው። በሌሎች ከተሞች ይሄን አፈረሱት፣ ቦሎኛ ግን በ1288 ሕግ አወጣችና አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ በረንዳ እንዲያወጣ አስገደደች። ቦታው የባለቤቱ፣ መተላለፊያው የሕዝብ። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ጃንጥላ ሳልይዝ ከተማውን ዞርኩ።

በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ በመስኮት ፓስታ የምትዳምጥ ሴት አየሁና ቆምኩ። ዱቄትና እንቁላል ብቻ ነው፣ ውሃ የለም። መዳመጫዋ ክንድ ተኩል ይሆናል። ሊጡን ከመሃል ወደ ዳር ትገፋዋለች፣ ትጠቀልለዋለች፣ ሩብ ዙር ታዞረዋለች፣ እንደገና ትገፋዋለች። እያለ እያለ ጠረጴዛውን ሸፈነው። አንስታ ወደ መብራቱ ስትይዘው ጣቶቿ በሊጡ ውስጥ ታዩኝ። ከዚያ አጣጥፋ በቢላ ከተፈችው። ታሊያቴሌ ይባላል፤ ስፋቱ እዚህ ከተማ በሕግ ደረጃ ተመዝግቧል፤ ከተቀቀለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር። በ1972 በወርቅ የተሠራ ናሙና ንግድ ምክር ቤቱ ውስጥ አስቀምጠውለታል። ሌላው ዓለም «ቦሎኔዝ» ብሎ በስፓጌቲ የሚበላውን ሥጎ እዚህ በታሊያቴሌ ነው የሚያቀርቡት። ቀኑን ሙሉ በቀስታ የበሰለ ይመስላል። ከጉዞው ሁሉ የበላሁት ምርጡ ምግብ ይሄ ነው።

ቦሎኛ ለኤርትራውያን ወንድሞቻችንም ትልቅ ትዝታ ያላት ከተማ ናት። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ ነፃነቱ ዋዜማ በየዓመቱ ከመላው አውሮፓ እየመጡ ይሰበሰቡባት ነበር።

ረቡዕ፣ ፍሎረንስ

ከቦሎኛ አርባ ደቂቃ ነው፣ አብዛኛው በዋሻ ውስጥ። ከጣቢያው ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ ያ ቀይ ጉልላት ከቤቶቹ በላይ ብቅ አለ።

የፍሎረንስ ካቴድራል ለብዙ ዘመን ጉልላት አልነበረውም። ከ45 ሜትር በላይ የሚሰፋ ቀዳዳ ላይ ጉልላት እንዴት እንደሚያቆሙ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ከሥር በእንጨት ደግፎ ለመሥራት የሚበቃ እንጨት አልነበረም። በ1420 ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የሚባል ወርቅ አንጥረኛ ያለ ድጋፍ እሠራዋለሁ ብሎ ጀመረ። ሁለት ቅርፊት አደረገው፣ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ። ጡቡን ደግሞ አንዱን ጋደም አንዱን ቆም እያደረገ እንደ ዓሣ አጥንት ስለደረደረው ገና ሳይደርቅ እርስ በርሱ ይያያዛል። በ1436 አለቀ። 463 ደረጃ ወጥቼ በሁለቱ ቅርፊቶች መካከል ሳልፍ ጡቡን በእጄ ነካሁት። አደራደሩ በግልጽ ይታያል።

ጉልላቱ በተመረቀ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ገቡ። የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ የተጠራ ጉባኤ ነበር። ዲያቆን ጴጥሮስ የሚባል መልእክተኛ በጳጳሱ ፊት ቆሞ ተናግሯል። ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ጉልላት በአውሮፓ አልተሠራም ነበር። እነዚያ አባቶች እዚህ አደባባይ ላይ ቆመው ቀና ብለው ማየታቸው አይቀርም።

ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ለጾመኛ ቶስካና ትመቻለች። ሪቦሊታ የሚባል የቦሎቄ፣ የጎመንና የደረቀ ዳቦ ሾርባ አለ። አይብ እንዳያደርጉበት ብቻ ቀድማችሁ ንገሩ። ሆድ ይሞላል።

ሐሙስ፣ ፍሎረንስና ፒሳ

የማይክል አንጄሎ ዳዊት 5.17 ሜትር ነው። ከ1501 እስከ 1504 ነው የተሠራው፤ ሌሎች ጀምረው በተዉት የተበላሸ እብነ በረድ ላይ። በመዝሙረ ዳዊት ፊደል የለየ ሰው እዚህ ሐውልት ፊት ሲቆም ስሜቱ ለብቻው ነው። ጎልያድን ገና አልመታውም። የቀኝ እጁ ደም ሥር ተወጥሯል፣ ቅንድቡ ተቋጥሯል። የሚያስብ ወጣት ነው።

ምሳ መንገድ ዳር ካለ ጋሪ ላምፕሬዶቶ በላሁ። የተቀቀለ የከብት ጨጓራ ነው፤ ቆራርጠው ዳቦ ውስጥ ከአረንጓዴ ስልስና ከሚያቃጥል ዘይት ጋር ያደርጉታል። ፈረንጅ ቱሪስት አይቶ ይሸሻል። ዱለት የሚወድ ሰው ግን ይደግማል።

ፍሎረንስ በቆዳም ትታወቃለች። ፖንቴ ቬኪዮ ድልድይ ላይ ደግሞ ከ1593 ጀምሮ ወርቅ ሠሪዎች ናቸው ያሉት። በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ያላፈረሱት የከተማው ድልድይ እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት ፒሳ ደርሼ ተመለስኩ፤ በአካባቢ ባቡር አንድ ሰዓት ነው። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ምቱት፣ አለዚያ ቅጣት አለ። ማማው በ1173 ተጀምሮ ሦስተኛው ፎቅ አካባቢ ሲደርስ ነው መዝመም የጀመረው፣ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ። ከ1990 እስከ 2001 ተዘግቶ ባልዘመመበት በኩል ከሥሩ አፈር በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መለሱት። ሜዳው ላይ ሁሉም ሰው እጁን ዘርግቶ ማማውን የሚደግፍ መስሎ ፎቶ ይነሳል። ለግማሽ ቀን ይበቃል።

ዓርብ፣ ሮም

ሮም የምትታወቅበትን መቁጠር አይቻልም። ኮሎሲየም፣ ፓንተዮን፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ ቫቲካን። እኔ የጀመርኩት ከቅዱስ ጴጥሮስ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ መሃል ፊላሬቴ የሠራው ትልቅ የነሐስ በር አለ፤ ያለቀው በ1445 ነው። ከዋናዎቹ ሥዕሎች ሥር ባሉት ጠባብ ቅርጾች ላይ ከፍሎረንሱ ጉባኤ በኋላ የምሥራቅ መነኮሳት ወደ ሮም ሲገቡ ይታያል። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ እየሮጠ ያልፈዋል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

ከዚያ 551 ደረጃ ወጥቼ ጉልላቱ ላይ ደረስኩ። ሁሉም ወደ አደባባዩ ያያል። እኔ ዞርኩና ወደ ኋላ፣ ወደ ቫቲካን አትክልት ቦታ አየሁ። ከጉልላቱ ጀርባ ሥር ትንሽ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጡት ነው። የዛሬው ኢትዮጵያዊ ኮሌጅም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነው ያለው። ያቺ ቤት የእኛ መጻሕፍት ባለውለታ ናት። በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ሮም፣ 1513። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዙን የተማረው ከኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ፊደላችን ከብራና ወደ ብረት የተሻገረው እዚህ ከተማ ነው። እዚያ ላይ ቆሜ ልቤ ሞላ።

ቅዳሜ፣ ሮም

ዛሬ ለአበበ ቢቂላ የሰጠሁት ቀን ነው። የ1960ው የኦሎምፒክ ማራቶን የተጀመረው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ነው። እዚያ ቆሜ ጀመርኩ። ሩጫው ካለቀበት ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ተነስቼ ደግሞ ወደ ኋላ፣ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄድኩበት። ያኔ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳርና ዳር ቆመው ነበር። ድንጋዩ እስከዛሬ ያው ነው፣ ትልልቅና ያልተስተካከለ። በጫማም ያሰቃያል።

ፖርታ ካፔና አደባባይ ስደርስ ቆምኩ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፤ በፋሺስቱ የአፍሪካ ሚኒስቴር ፊት። ሕንፃው ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል መሠረት ሐውልቱ በ18 ወር ውስጥ መመለስ ነበረበት። የተመለሰው በ2005 ነው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን። አክሱም ላይ የቆመው በ2008 ነው። አሁን ቦታው ላይ በኒው ዮርክ መስከረም 11 ለሞቱት መታሰቢያ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል።

አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የወጣው እዚህ ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ነው። የተወሰደ ሐውልታችን እያየው፣ በባዶ እግሩ፣ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አገር ቤት ችቦ ተለኩሶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው የግብጽ ሐውልት ትንሽ ራቅ ብሎ ይገኛል። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚያ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም አንበሳውን እዚያ አይቶ ነው ሰይፉን የመዘዘው። አንበሳው አገሩ ገብቷል። በአደባባዩ የሚያልፈው መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ይሄዳል፤ ለእኛ ግን እያንዳንዷ ድንጋይ ታሪክ አላት።

እሁድ፣ ናፖሊ

ከሮም አንድ ሰዓት ከአሥር። ሰሜኖቹ «ናፖሊ? ቦርሳህን ጠብቅ» ይሏችኋል። ጠብቁ፣ ግን ሂዱ። ሕይወት ያለው ከተማ ነው። ልብስ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተሰጥቷል፣ እናቶች ከሰገነት ዘንቢል በገመድ አውርደው ዕቃ ያስገዛሉ፣ ሞተር ሳይክል በሁለት ግድግዳ መካከል ይሾልካል። የማራዶና ሥዕል በየግድግዳው ላይ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ሻማ በርቶለታል። ሰባት ዓመት ተጫውቶ በ1987 እና በ1990 ዋንጫ አመጣላቸው። ደቡቡ በሰሜኑ ሲናቅ ኖሮ፣ ያን ቀን ቀና አለ። ይሄ ይገባኛል።

ፒዛ የተወለደው እዚህ ነው። የፒዛ ጋጋሪዎቹ ሙያ በ2017 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አንድ ቤት ውስጥ ከምድጃው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ልጁ መዳመጫ አይነካም። ሊጡን በጣቶቹ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋዋል፣ አየሩ ሁሉ ጠርዙ ላይ ይከማቻል። ከዚያ በመዳፉ እያገለባበጠ ይዘረጋዋል። ቲማቲም፣ አይብ፣ አንድ ሁለት ቅጠል ባሲል፣ ዘይት። እንጨት በሚነድበት ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ 485 ዲግሪ ይደርሳል። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው የሚቆየው። ጠርዙ አብጦ፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ይወጣል። መሃሉ እርጥብ ስለሆነ አጣጥፈው ነው የሚበሉት። ለጾም ማሪናራ የሚባለው አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ፣ አይብ የለውም። አይብ ካለው ከማርጌሪታ ይልቅ ጥንታዊው እሱ ነው።

ቡናቸው አጭርና ወፍራም ነው፣ ቆሞ ይጠጣል። የቆየ ልማድ አላቸው፤ አንድ ጠጥቶ የሁለት መክፈል። ትርፉ ገንዘብ ለሌለው ሰው ይቆያል። ያ ሰው መጥቶ «የተከፈለ ቡና አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም የሁለት ከፈልኩ።

ወደቡንም አየሁት። ወደ ምጽዋ የዘመቱት ወታደሮች ብዙዎቹ የተሳፈሩት ከዚህ ነው፤ ለአድዋም፣ በኋላም ለ1935ቱ ወረራ። አብዛኛው የድሃ ገበሬ ልጅ ነበር።

ሰኞ፣ ፖምፔይ

በአካባቢው ባቡር አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ቬሱቪዮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ79 ፈንድቶ ይሄን የጥንት ሮማውያን ከተማ በአመድ ቀበረው። የጋሪ ጎማ ድንጋዩ ላይ የፈጠረው ቦይ አለ። የወፍጮ ድንጋዮች ቆመዋል። በአንዱ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ቆፋሪዎች 81 የከሰለ ዳቦ አግኝተዋል፤ የተጋገረው በዚያው ቀን ነው። ውሃ፣ ኮፍያና ጥሩ ጫማ ያዙ። ጥላ የለም።

ያልደረስኩባቸው ቀርተዋል። ቶሪኖ የፊያት ከተማ ናት፣ ትልቅ የግብጽ ሙዚየምም አላት፤ ከሚላኖ አንድ ሰዓት ነው። ጄኖቫ አለች፣ የወደብና ፔስቶ የሚባለው የባሲል ስልስ ከተማ። ፓሌርሞን ግን አልተዋትም። ከናፖሊ ማታ የሚነሳ መርከብ አለ፣ ጠዋት ያደርሳል። የሚቀጥለው ጉዞ የሚጀምረው ከእሱ ነው።